ከአድማስ በታች 34 ደቂቃ

እሺ። ትሪጎኖሜትሪን ከነታሪኩ ለተማሪ እንዴት እናስተምር በሚለው ጽሑፌ ዛሬ የሳይንን የስም ታሪክ እጨርሳለሁ ብዬ ነበር፤ የመካከለኛው ዘመን ሊቅ አል-ቢሩኒ ምድርን የለካበት አንድ ቁጥር ግን ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። 34። የሰዓት ደቂቃ አይደለም፣ የአንግል ደቂቃ ነው፤ አንድ ዲግሪ ለ60 ሲከፈል የሚገኘው።

ቦታው ይህ ነው። ናንዳና፣ በዛሬዋ ፓኪስታን፣ ፑንጃብ ውስጥ። ዘመኑ የ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ነው። አል-ቢሩኒ ተራራው አናት ላይ ቆሟል። ከፊቱ ዓይን እስኪደክም የተዘረጋ ሜዳ አለ። መለኪያውን ወደ አድማሱ ያነጣጥራል። ምድር ዝርግ ብትሆን ኖሮ አድማሱ ከዓይኑ ጋር በትክክል እኩል በሆነ ነበር። ግን ዝቅ ብሏል፤ በጣም በጥቂቱ፣ ግማሽ ዲግሪን ትንሽ በሚያልፍ። 34 ደቂቃ። የተራራው ከፍታ 652 ክንድ። ከእነዚህ ሁለት ቁጥሮች የምድርን ራዲየስ አወጣ፦ ከ12.8 ሚሊዮን ክንድ ትንሽ ከፍ ያለ።

ይህችን ቅጽበት ቀስ ብለን እንመልሳት፤ ክፍል ውስጥ ነገር የሚበላሸው እዚህ ጋ ነውና።

ተማሪው ክብ ይስላል። ክቡ ላይ ተራራ ያቆማል። ከአናቱ ወደ አድማስ መስመር ይስባል። ከዚያ «ቀጤ ነኩን ጎነ ሦስት ፈልግ» ሲባል ብዙው ተማሪ 90 ዲግሪውን የተራራው ግርጌ ላይ ያስቀምጠዋል። ዓይን የለመደው እሱን ነዋ፤ ቀጥ ብሎ የቆመ ነገር ያለበት ቦታ ቀጤ ይመስላል። ቀጤ ማዕዘኑ ግን ያለው ሩቅ ነው፤ የእይታው መስመር ምድርን ነክቶ በሚያልፍባት ነጥብ ላይ። እሷ ከተያዘች ሌላው ይፈታል። በምድር መሀል የሚሠራው አንግል ከአድማሱ ዝቅታ ጋር እኩል ነው። ኮሳይኑ ደግሞ ራዲየሱ፣ ለራዲየሱና ለከፍታው ድምር ሲካፈል ነው። ሲስተካከል እንዲህ ይሆናል፦ ከፍታውን በኮሳይኑ አባዙ፤ የተገኘውን፣ ከ1 ላይ ኮሳይኑ ተቀንሶ ለሚቀረው አካፍሉ። በቃ።

ቀጥሎ ካልኩሌተሩ ይመጣል። አንዱ 34 ብሎ በዲግሪ ያስገባል፤ የምድር ራዲየስ 3,162 ክንድ ይሆንለታል፤ ከምድር መሀል እስከ ገጿ የሃያ ደቂቃ የእግር መንገድ ማለት ነው። ሌላው ለ60 ማካፈሉን ረስቶ 0.34 ይጽፋል፤ ወደ 37 ሚሊዮን ክንድ ይሄድበታል። ትክክለኛው 34 ለ60፣ ማለትም 0.5667 ዲግሪ ነው፤ ኮሳይኑም 0.999951።

አሁን ስሙኝ። ኮሳይኑን ወደ 4 አሥርዮሽ ቤት ያጠጋጋ ተማሪ የሚያገኘው 1.0000 ነው። ከ1 ላይ 1 ሲቀነስ ዜሮ። ለዜሮ ማካፈል አይቻልም። ምድር ከነክብነቷ በአራት ቤት ውስጥ ጠፋች! 5 ቤት የያዘው 13.04 ሚሊዮን ያገኛል፣ 6 ቤት የያዘው 13.31፣ ምንም ያላጠጋጋው 13.33። ይህን አራት መልስ ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን ማስፈር ነው። ማብራሪያ ከመስጠት በፊት ዝም ማለት። የሒሳብ ሊቁ አቡ አል-ወፋ አል-ቡዝጃኒ፣ ከ940 እስከ 998 የኖረው፣ በየሩብ ዲግሪው የሳይን ሠንጠረዥ ሲሠራ በእኛ አሥርዮሽ እስከ 8 ቤት የሚደርስ ጥራት ለምን እንደፈለገ ያን ጊዜ ማንም መናገር አያስፈልገውም። ታሪኩ የሚገባው እዚህ ነው፣ ዜሮዋ ላይ። ጥምጣም ያደረገ ሰው ሥዕል ከዓመተ ምሕረት ጋር ገጹ ጥግ ላይ መለጠፍ ታሪክ ማስተማር አይደለም፤ ልጁ ይዘለዋል፣ ቢዘለውም አልፈርድበትም።

ደግሞ ታንጀንትን ከሳይን በፊት ማስተማር ይሻላል የምለው ነገር… አዎ፣ አሁንም እላለሁ። ታንጀንት የሚጀምረው ከዱላ ጥላ ነው፤ ጥላዋ የሚለካው ባለ 12 ጣት ዱላ ዛሬም አለች። ዐረብኛው ታንጀንትንና ኮታንጀንትን «ዚል» ነበር የሚላቸው፣ ጥላ ማለት ነው፤ ከግዕዙ ጽላሎት ጋር ዘመዳሞች ናቸው። ዱላዋን በቱንቢ አቁሙ። ቀትር ላይ ፀሐይ 60 ዲግሪ ከፍ ብላ ከሆነ የ12 ጣት ዱላ ጥላ 6.93 ጣት ነው፤ ኮታንጀንት ማለት እሱ ነው፣ በ12 ተባዝቶ። የዐስር ሶላት፣ ማለትም የከሰዓት በኋላው ሶላት፣ ጊዜ በብዙዎቹ መዝሀቦች (የእስልምና ሕግ ትምህርት ቤቶች) የሚገባው በቀትሩ ጥላ ላይ የዱላዋ ቁመት ሲጨመር ነው፤ ከመዝሀቦቹ አንዱ በሆኑት በሐነፊዎች ዘንድ የቁመቷ እጥፍ ይጨመራል። በመጀመሪያው ስሌት 18.93 ጣት ይሆናል፣ ፀሐይም 32.4 ዲግሪ ላይ ናት ማለት ነው። ጥላው እጥፍ ሲሆን አንግሉ ግማሽ የሚሆን የሚመስለው ተማሪ ብዙ ነው። አይሆንም፤ 6.93 እጥፍ ሲሆን 60 ዲግሪው ወደ 40.9 እንጂ ወደ 30 አይወርድም። ይህን በወረቀት ከመንገር በመሬት ላይ ማስለካት። የጥላው ጫፍ ደብዛዛ ነው ብለው ያማርራሉ፤ ልክ ናቸው፣ ፀሐይ ራሷ ግማሽ ዲግሪ ስፋት አላት። ዱላዋ ጫፍ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ያላት ካርቶን ሲለጠፍ መሬት ላይ የብርሃን ነጥብ ይወርዳል፤ የነጥቡን መሀል መለካት ነው።

የተራራው ከፍታም ከዚሁ ከጥላ ይወጣል። ከሁለት ነጥብ አንግሉን ለክቶ፣ በነጥቦቹ መካከል ያለውን ርቀት ለኮታንጀንቶቹ ልዩነት ማካፈል። ተራራው ሥር መድረስ አያስፈልግም።

ወደ 34 ልመለስ። ሸሽቼው ነበር መሰለኝ።

34 ደቂቃና 652 ክንድ ዛሬ ሲሰላ የሚሰጠው 13.33 ሚሊዮን ነው፤ የአል-ቢሩኒ ውጤት ግን 12.8 ላይ ነው። ልዩነቱን ለመሙላት አንግሉ 34.7 መሆን ብቻ በቂ ነው። ከአንድ ደቂቃ ያነሰ! አንድ ደቂቃ ስህተት ራዲየሱን ወደ 6 በመቶ ያዛንፈዋል። «ስህተቱ ከ1 በመቶ በታች ነው» ብሎ በኪሎ ሜትር የሚያውጅ ሁሉ ደግሞ የክንዱን ርዝመት ራሱ መርጦ ነው፤ ክንዱን በ1 ሳንቲ ሜትር ብቻ ስንቀይረው የምድር ራዲየስ በ128 ኪሎ ሜትር ይቀየራል። ይህን ለተማሪ መንገር አይከብድም፤ እንዲያውም ደስ ይላል።

የሚከነክነኝ ሌላው ነው። ክንዱን ግማሽ ሜትር ብንለው ተራራው 326 ሜትር ይሆናል፤ በጂኦሜትሪ የሚጠበቀው ዝቅታ 34.8 ደቂቃ ነው። ግን ብርሃን አየር ውስጥ ሲጓዝ ይጎብጣል፤ አድማሱን ከፍ አድርጎ ያሳያል። ዓይን የሚያየው ዝቅታ ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ያንሳል፣ ወደ 32። በ32 ሲሰላ ደግሞ ራዲየሱ 15 ሚሊዮን ክንድ ይሆናል። እና 34… 34 ከመጠን በላይ ጥሩ ቁጥር ነው። አየር የሌለባት ምድር ላይ የቆመ ሰው ቁጥር።

ዘዴው ግን እንከን የለውም፤ ኮሳይኑ ኮሳይን ነው። አል-ቢሩኒን የማከብረውም ለዚያ ነው፣ ያም አልተነካም። ታዲያ ለአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ የቱን ሰሌዳ ላይ ልጻፍ? 34ን ብቻ ሰጥቼ ሒሳቡ እንዲያምርለት? ወይስ 32ን ጎኑ ጽፌ… ልጁ «እና፣ አየው ወይስ አላየውም?» ብሎ ይጠይቃል። መጠየቅም አለበት። አንዳንዴ ሁለቱንም ጽፎ ዝም ማለት ይሻላል እላለሁ፣ እንደ ዜሮዋ። አንዳንዴ ደግሞ ገና ቀጤ ማዕዘኑን ከተራራው ግርጌ ያላነሳ ልጅ ላይ የአየር መጉበጥ መጨመር…

ቆይ፣ በቅደም ተከተል ቢሆንስ? መጀመሪያ 34፣ በሚቀጥለው ሳምንት 32። ግን ያኔ የመጀመሪያው ሳምንት…