ኖርማል ነው የተባለው ወረቀት

የተከበራችሁ አባቶች፣ እናቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፣ ጤና ይስጥልኝ። ከቅዳሴ በኋላ ሆድ ባዶ እያለ ስለ ስብ ማውራት ትንሽ ጭካኔ ነው። ስለዚህ አላስረዝምም።

ብዙዎቻችሁ የደም ስብ ተመርምራችሁ ታውቃላችሁ። ወረቀቱ ላይ ኤልዲኤል የሚል አለ፣ መጥፎው ኮሌስትሮል የምንለው። እሱ "ኖርማል ነው" ከተባለ "ተመስገን" ብለን ወረቀቱን ኪሳችን እንከታለን። እስቲ ዛሬ መልሰን እናውጣው።

ስብ ደም ውስጥ ብቻውን አይሄድም። የሚሸከመው ፕሮቲን ይፈልጋል። ዋናው ተሸካሚ አፖ ቢ ይባላል። እያንዳንዱ የኤልዲኤል ቅንጣት ላይ አንድ አፖ ቢ አለ፣ ሁለት የለም። ስለዚህ አፖ ቢን የለካ ቅንጣቶቹን ቆጠረ ማለት ነው። ኤልዲኤል የሚነግረን ግን የጭነቱን መጠን ነው። መንገድ የሚዘጋው በተሳፋሪው ሳይሆን በሚኒባሱ ብዛት ነው፤ የደም ስር ግድግዳ ውስጥ ገብቶ የሚቀረውም ቅንጣቱ ነው።

ደግሞ ኤልዲኤል አብዛኛውን ጊዜ አይለካም፣ ይሰላል። ጠቅላላ ኮሌስትሮል 200፣ ጥሩው ኤችዲኤል 40፣ ሌላው የደም ስብ ትራይግሊሰራይድ 250 ይሁን። 250ን ለ5 ያካፍላሉ፣ 50 ይመጣል። ከ200 ላይ 40ና 50 ሲቀነስ 110። "ምንም አይልም" ይባላል። ነገር ግን ትራይግሊሰራይዱ እንዲህ ከፍ ሲል ቅንጣቶቹ በመጠን ያንሱና በቁጥር ይበዛሉ። ስኳር ያለበት፣ ቦርጭ ያወጣ ሰው ላይ ይሄ የተለመደ ነው። 110 ያንን አይናገርም።

ይሄ የኔ ግምት አይደለም። በስዊድን ከ175,000 በላይ ሰዎችን የተከታተለው አሞሪስ የተባለ ጥናት በፈረንጆቹ 2001 ውጤቱን ሲያወጣ፣ በልብ ሕመም መሞትን በመተንበይ አፖ ቢ ከኤልዲኤል በልጦ ተገኘ። በፈረንጆቹ 2004 የወጣው ኢንተርሃርት የተባለ ጥናት ደግሞ አፍሪካን ጨምሮ 52 አገሮችን አዳረሰ። ሃርት አታክ ከያዛቸው ወደ 15,000 የሚጠጉ ሰዎችን ከጤነኞች ጋር አነጻጸረ። ከአደጋ ምክንያቶቹ ሁሉ የአፖ ቢና የጥሩው ኮሌስትሮል ተሸካሚ የሆነው የአፖ ኤ-1 ንጽጽር አንደኛ ወጣ። ሲጋራ ሁለተኛ ነው፤ አጫሾች እዚህ ጋ እንዳትደሰቱ!

ሌላም ስብ ተሸካሚ ቅንጣት አለ፣ ኤልዲኤልን የሚመስል፣ ሊፖፕሮቲን ትንሿ ኤ የሚባል። በፈረንጆቹ 1963 ኖርዌይ ውስጥ ኮሬ በርግ የተባለ ሐኪም ነው ያገኘው። ይሄኛው በዘር የሚመጣ ነው። ጾምም ሆነ ሩጫ ብዙም አይነካውም፣ የተለመደው የኮሌስትሮል መድኃኒት ስታቲንም አይቀንሰውም። አፍሪካዊ ዝርያ ባላቸው ሰዎች በአማካይ ከአውሮፓውያን ከፍ ይላል። አባቱ ወይም ወንድሙ በወጣትነቱ በልብ የተቀጨበት ሰው በዕድሜው አንድ ጊዜ ያስለካው። ከፍ ካለ ግፊቱን፣ ስኳሩንና ኤልዲኤሉን ጠበቅ አድርጎ መያዝ ነው።

አፖ ቢ ለማስለካት በባዶ ሆድ መሰለፍ የለም፣ ቁርስ በልታችሁ ሂዱ። ለከፍተኛ ተጋላጮች የአውሮፓ ሐኪሞች መመሪያ ከ80 በታች ይላል። አንድ ነገር ልጨምር። በሁዳዴ የተሰጠ ደም የፋሲካን ማግስት ላያሳይ ይችላል፤ መቼ እንደተመረመራችሁ ለሐኪሙ ንገሩት።

አፖ ቢ የማይሠራ ላብራቶሪ ካጋጠማችሁም መላ አለው። ከጠቅላላው ኮሌስትሮል ላይ ኤችዲኤሉን ቀንሱ። ባየነው ምሳሌ 160 ይመጣል፣ እሱ ደግሞ ከፍ ያለ ነው። ከ110 ይልቅ ለእውነቱ የሚቀርበው ይሄ ነው። ወረቀቱን የያዘ ካለ ወደዚህ ይምጣ፣ ምግቡ እስኪቀርብ አብረን እንቀንሳለን።