ለኅዳሩ 10 ኪሎ ሜትር ሳምንቱን ከሩጫው ጋር ማስማማት

[ምስል፦ መስቀል አደባባይ፣ የሩጫ ቲሸርት የለበሰ ሕዝብ]

ለታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ቲሸርት የሚገዛው ሰው ብዙ ነው። ግማሹን መንገድ በሩጫ፣ ግማሹን በእርምጃና በጭፈራ መጨረስም የተለመደ ነው፤ ነውር የለውም። ይህ ቪዲዮ ግን ሳይቆም ሮጦ መጨረስ ለሚፈልግ የቢሮ ሠራተኛ ነው።

«ዘንድሮ ስፖርት እጀምራለሁ» የሚለው ዕቅድ የትኛውም ቀን ላይ አያርፍም። «ኅዳር ላይ 10 ኪሎ ሜትር ሳልቆም እሮጣለሁ» ካላችሁ ግን ወደ ኋላ መቁጠር ትችላላችሁ። 12 ሳምንት ስትቆጥሩ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ትደርሳላችሁ። ክረምቱ ገና አልወጣም፤ ስለዚህ ለዝናብ ቀን የሚሆን ደረጃ አስቀድማችሁ ፈልጉ። በኮንዶሚኒየም ደረጃ 20 ደቂቃ መውጣትና መውረድ የዕለቱን ልምምድ ይተካል።

[ጽሑፍ በስክሪን፦ ማክሰኞ · ሐሙስ · ቅዳሜ]

በሳምንት ሦስት ቀን ይበቃል። ረቡዕና ዓርብን ለሚጾም ሰው እነዚህ ቀናት የተመቹ ናቸው፤ የጾሙ ቀናት ራሳቸው የእግር ዕረፍት ይሆናሉ፣ እሑድም ለቤተ ክርስቲያን ነፃ ይሆናል። ሰኞና ሐሙስ የምትጾሙ ሙስሊሞች ማክሰኞን፣ ዓርብ ጠዋትንና እሑድን ያዙ። ሁለት የሩጫ ቀናት እንዳይከታተሉ ብቻ ተጠንቀቁ።

አሁን ወደ ሰዓቱ። ከሥራ በኋላ ልሩጥ የሚል ሰው ትራፊክ፣ የታክሲ ሰልፍ፣ የቤት ጉዳይ፣ ለቅሶና ሠርግ ይጠብቀዋል። ጠዋት 11 ሰዓት ተኩል ላይ ግን የሚጠራችሁ የለም። የመነሻ ሰዓታችሁ በማይሮጥበትም ቀን ያው ይሁን። የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች አንድ አዲስ ልማድ ሳይታሰብበት የሚደረግ እስኪሆን የሚወስደውን ጊዜ ተከታትለው ነበር። መካከለኛው ውጤት 66 ቀን ሲሆን፣ ከሰው ሰው ከ18 እስከ 254 ቀን ይለያያል። የእናንተ 12 ሳምንት 84 ቀን ነው፤ ለመነሻ ሰዓት ልማድ ለብዙው ሰው ይበቃል። እዚያው ጥናት ላይ አንድ ቀን መዝለል ልማዱን አላበላሸውም፤ ስለዚህ ማክሰኞ ካመለጣችሁ ሐሙስን ቀጥሉ እንጂ የሁለቱን ቀን በአንድ ጠዋት አትሩጡ።

11 ሰዓት ተኩል ላይ ለመነሣት ማታ 4 ሰዓት መተኛት ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ብዙውን ሰው የሚጥለው ቡናው ነው። ካፌይን ከሰውነት ውስጥ ግማሹ እስኪወጣ በአማካይ አምስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። 11 ሰዓት ላይ ከቢሮ ስትወጡ የጠጣችሁት ማኪያቶ ማታ 4 ሰዓት ላይ ግማሹ አሁንም ሥራ ላይ ነው። የመጨረሻው ስኒ ከቀኑ 8 ሰዓት አይለፍ። ጫማና ልብስም ማታውኑ በር አጠገብ ይቀመጡ፤ በጨለማ ካልሲ ፍለጋ ብዙ ጠዋት አበላሽቷል።

[ምስል፦ የሰዓት ቆጣሪ፣ ሩጫና እርምጃ ሲፈራረቁ]

በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ደቂቃ ሩጡ፣ ሁለት ደቂቃ ተራመዱ፤ ስምንት ጊዜ ድገሙት። በየሳምንቱ የሩጫውን ደቂቃ ጨምሩ፣ የእርምጃውን ቀንሱ። በየአራተኛው ሳምንት ግን መጠኑን መልሳችሁ አቅልሉ። ስምንተኛው ሳምንት ላይ 30 ደቂቃ ሳትቆሙ፣ አሥራ አንደኛው ሳምንት ቅዳሜ ላይ አንድ ሰዓት መሮጥ ከቻላችሁ 10ሩ ኪሎ ሜትር አያስፈራችሁም።

ፍጥነቱን በአፋችሁ ለኩት፦ እየሮጣችሁ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ካልቻላችሁ ፈጥናችኋል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ስስ ነው፤ ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ ለሩጫው የምትመጡ ቢያንስ አንድ ሳምንት ቀድማችሁ ድረሱ። እዚህ ለምንኖረውም የተለመደው ስህተት ቶሎ መፍጠን ነው። ትንፋሽ በጥቂት ሳምንት ይለምዳል፣ አጥንትና ጅማት ግን ይዘገያሉ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ የሚመጣው የቅልጥም ሕመም ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው። ሕመሙ በአንድ ነጥብ ላይ ሲጫኑት የሚያም ከሆነ ሩጫውን አቁሙና ሐኪም ይየው። ለመከላከል ማክሰኞና ሐሙስ ከሩጫ በኋላ ቁጭ ብድግ 15 ጊዜ፣ ደረጃ ጫፍ ላይ ቆሞ ተረከዝን ማንሳትና ማውረድ 15 ጊዜ፣ እያንዳንዱን ሁለት ዙር ሥሩ።

[ምስል፦ የጾም በያይነቱ]

«ጾም ነው፣ ምን ጉልበት አለኝ» የሚለው ምክንያት ብዙ አያስኬድም። 60 ኪሎ የሚመዝን ልምምድ ጀማሪ በቀን 72 ግራም ያህል ፕሮቲን ቢያገኝ ጥሩ ነው። አንድ ኩባያ የበሰለ ምስር 18 ግራም ገደማ፣ አንድ እፍኝ ለውዝ 7 ግራም ይሰጣል፤ ሽሮውና እንጀራውም ይጨምራሉ። ችግር የሚመጣው ሁሉም ነገር ማታ አንድ ጊዜ ሲበላ ነው። እስከ 9 ሰዓት የምትጾሙ፣ መፍቻው ላይ ምስሩን ወይም ሽምብራውን አስቀድሙ፣ ለውዙን ለማታ አቆዩ። ቡናና ሻይ የምስርና የጤፍ ብረት በሰውነት እንዳይወሰድ ስለሚያግዱ ከምግብ አንድ ሰዓት አርቋቸው። በረጅም ጾም ወቅት ደግሞ ሩጫውን ወደ መፍቻው ሰዓት አስጠጉት፤ 30 ደቂቃ ቀለል ያለ ሩጫ፣ ከዚያ ውኃና ምግብ።

ስኳር፣ ደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ያለባችሁ፣ ነፍሰ ጡሮችም፣ ከመጀመሪያው ሳምንት በፊት ሐኪም አማክሩ።

በመጨረሻው ሳምንት የሚጨመር አቅም የለም። ማክሰኞና ሐሙስ 20 ደቂቃ ቀስ ብሎ መሮጥ ይበቃል፣ ቅዳሜ ዕረፍት። አዲስ ጫማ ለውድድሩ ቀን አታስቀምጡ፤ ቢያንስ አራት ጊዜ የተሮጠበት ይሁን። እሑድ ጠዋት ሕዝቡ ሲንቀሳቀስ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ኪሎ ሜትሮች ሆን ብላችሁ ከቅዳሜ ልምምዳችሁ ቀስ አድርጋችሁ ሩጡ፤ የሚቀድሟችሁን ብዙዎቹን አምስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ እየተራመዱ ታገኟቸዋላችሁ።