ባልበላነው ዕዳ

የተከበራችሁ እንግዶች፣ ወላጆች፣ የድሬ ልጆች፤

ለኮምፒውተር ክፍላችን ምርቃት እንኳን ደህና መጣችሁ። በዚህ ሙቀት ገመድ ሲዘረጉ ለሰነበቱት ወጣቶች ምስጋናዬ የላቀ ነው። እኔ ግን ዛሬ የቆምኩት አንድ ነገር ሲያንገበግበኝ ስለከረመ ነው።

ክፍሉን ስንሞክር አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ስለ ባቡሩ ታሪክ የቤት ሥራዋን ልትሠራ ተቀመጠች። ጥያቄዋን መፈለጊያ ድረ ገጽ ላይ ጽፋ ስትልከው መልስ አልመጣም። «ከኔትወርክዎ ያልተለመደ እንቅስቃሴ ታይቷል» የሚል ገጽ ወጣ፤ ሮቦት አለመሆንሽን አረጋግጪ ነው ነገሩ። ከሥሩ ትንንሽ ፎቶዎች ተደርድረዋል፤ የእሳት አደጋ ውኃ መቅጃ ያለባቸውን ምረጪ ይላል። አሜሪካ ውስጥ በየመንገዱ ዳር የሚቆመው አጭር ብረት ነው። ልጅቱ ከሳቢያን ሰፈር ወደ መጋላ ስትመላለስ እንዲህ ያለ ነገር አይታ አታውቅም፤ ዘለለችው። እንደገና ሞክሪ ተባለች። ቀጥሎ የትራፊክ መብራት መጣ። መብራቱ ብቻ ነው የሚመረጠው ወይስ ምሰሶውም? እሱንም ሳተችው። ዞር ብላ «ጋሼ፣ ምን አጥፍቼ ነው?» አለችኝ።

ምንም አላጠፋችም! ነገሩ እንዲህ ነው። ኢንተርኔት ላይ የሚወጣ ሁሉ የሚለይበት የቁጥር አድራሻ ያስፈልገዋል። አይፒ ቪ 4 የሚባለው የቆየው አሠራር ያለው 4.3 ቢሊዮን ገደማ አድራሻ ነው፤ ዓለም አቀፉ ክምችት እ.ኤ.አ. በ2011 ተሟጧል። በዚህ የተነሳ ብዙ ተጠቃሚዎች አንድ አድራሻ ተጋርተው ይወጣሉ። ከመካከላቸው የአንዱ መሣሪያ ቫይረስ ይዞት ጥያቄ ቢያዘንብ፣ ለድረ ገጹ የሚታየው ያው የጋራ አድራሻ ነው። በሩ ሁሉም ላይ ይዘጋል።

የድረ ገጾቹ ባለቤቶች በፕሮግራም የሚላከውን የጥያቄ ጎርፍ ይከላከሉ፤ መብታቸው ነው። ግን አንድ ሌባ ገባ ተብሎ ሰፈር ሙሉ ሰው ይታሰራል ወይ? የራሱ አድራሻ ያለው የሌላ አገር ልጅ ሳይጠየቅ ሲያልፍ፣ የድሬ ልጅ ባልበላው ዕዳ ሰውነቱን የሚያስመሰክረው እስከ መቼ ነው? አድራሻውን ሳይሆን አድራጊውን ይለዩ!

ማየት ለተሳናቸው የሚቀርበው የድምፅ ፈተናም እንግሊዝኛ ለማያውቅ መፍትሔ አይሆንም። በኢንተርኔት ቤት በደቂቃ የሚከፍለውም ሂሳቡ እየቆጠረበት ነው ፎቶ የሚመርጠው።

አይፒ ቪ 6 የሚባለው አዲሱ አሠራር ግን የአድራሻ እጥረት የለበትም። ኢንተርኔት ለሚያቀርብልን ድርጅት ይህንኑ አገልግሎት እንዲሰጠን ደብዳቤ ጽፈናል፤ በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ነው። ወላጆች፣ ሳትወጡ አንብባችሁ ፈርሙልን።