ባትሪውን ከመንቀላችን በፊት

ጤና ይስጥልኝ።

የተከበራችሁ የአሮጌ ጨዋታ ማሽኖች ወዳጆችና ጠጋኞች፣ ንግግሬን በልመና ልጀምር። በእጃችሁ የአርኬድ ቦርድ፣ ማለትም በሳንቲም የሚሠራ የጨዋታ ማሽን ዋና የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ፣ ካለ፣ መበየጃችሁን ከማጋላችሁ በፊት በላዩ ያለው ባትሪ ምን እየጠበቀ እንደሆነ እወቁ። ባትሪ መቀየር በራሱ አጭር ሥራ ነው፤ ሠላሳ ዓመት የኖረ ቦርድ ግን በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ ሊሞት ይችላል።

እነዚህ ባትሪዎች የተሸከሙት አደራ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ቀላል ነው። ኤስኤንኬ የተባለው የጨዋታ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1990 ያወጣውን ኒዮ ጂኦ ኤምቪኤስ የተባለ ቦርድ ውሰዱ። እዚያ ባትሪው የሚጠብቀው ከፍተኛ ነጥቦችን፣ የሳንቲም ሂሳብን፣ የማሽኑን ማስተካከያዎች፣ ቀንና ሰዓትን ነው። ባትሪው ቢያልቅ እነዚህ ይጠፋሉ፤ ጨዋታው ግን ይሠራል።

ሁለተኛው አደራ ከባድ ነው። የጨዋታ አምራቹ የካፕኮም የቀድሞ ሰሌዳዎች በሰፊው ይገለበጡ ስለነበር፣ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1993 ከሱፐር ስትሪት ፋይተር 2 ጨዋታ ጋር ባወጣው ሲፒኤስ 2 በተባለ ቦርድ ላይ የጨዋታውን ፕሮግራም መሰጠረ፤ ማለትም ያለ ቁልፍ እንዳይነበብ አድርጎ ጻፈው። ምስጢሩን የሚፈታው ቁልፍ የተቀመጠው ኃይል ሲቋረጥበት ሁሉን በሚረሳ ማህደረ ትውስታ ውስጥ ነው፤ ያንን ማህደረ ትውስታ የሚመግበው ደግሞ ባለ 3.6 ቮልት የሊቲየም ባትሪ ነው። ባትሪው ሲሞት ቁልፉ አብሮ ይሞታል። ቺፖቹ ሁሉ ደህና ናቸው፣ መስመሮቹ ደህና ናቸው፤ ቦርዱ ግን የራሱን ፕሮግራም ማንበብ ያቅተዋል፤ ስክሪኑ ላይ የሚቀረው ባዶ ቀለም ብቻ ነው። የመስኩ ሰዎች ይህን ባትሪ ራስን የማጥፊያ ባትሪ ይሉታል። ስሙ የተጋነነ አይመስለኝም። ጨዋታውን በሕጋዊ መንገድ የገዛው ሰው ከገልባጩ ይልቅ የሚቀጣበት አሠራር ነበርና፣ በዚህ ረገድ ካፕኮምን ትክክል ነበር ማለት አልችልም።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ነጥብ ልምጣ። ብዙዎቻችን የኤሌክትሪክ መለኪያውን መልቲሜትር እንደግናለን፣ 3.6 ቮልት እናነባለን፣ «ገና ነው» ብለን ቦርዱን ወደ ሳጥኑ እንመልሳለን። በሲፒኤስ 2 ላይ ያለው የሊቲየም ታዮኒል ክሎራይድ ባትሪ ግን በባሕርዩ ሸንጋይ ነው። ዕድሜውን በሙሉ ቮልቱን ሳያዋዥቅ ይዞ ይቆይና ወደ መጨረሻው ሲደርስ በድንገት ይወድቃል። ስለዚህ ዛሬ ያነበባችሁት ጥሩ ቁጥር ስለሚቀጥለው ዓመት የሚነግራችሁ ነገር የለም። መለኪያውን ሳይሆን ዕድሜውን እመኑ። ከፋብሪካ ሲወጣ የተበየደለት ባትሪ አሁንም ላዩ ላይ ካለ፣ ሳትዘገዩ ቀይሩት።

እንዴት? ቦርዱ ከማሽኑና ከማንኛውም ገመድ ሙሉ በሙሉ ይነቀል። ይህን የምለው በምክንያት ነው፤ የመበየጃው ጫፍ ከምድር ሽቦ ጋር የተገናኘ ከሆነና ቦርዱም በሌላ በኩል ምድር ካገኘ፣ ፖዘቲቩን እግር በነካችሁበት ቅጽበት ባትሪውን አጭር ዙር ታስገቡታላችሁ። ቀጥሎ በቦርዱ ጀርባ፣ በባትሪው ሁለት እግሮች ላይ ቀጫጭን ሽቦዎች በይዳችሁ በዳዮድ በኩል ጊዜያዊ የኃይል ምንጭ አገናኙ። ዳዮዱ ወደ ቦርዱ እንጂ ወደ ኋላ የሚሄድ ኃይል አያሳልፍም። የጊዜያዊው ምንጭ ቮልት ከአሮጌው ባትሪ ጥቂት ዝቅ ቢል ይመረጣል፤ አሮጌው እስካለ ድረስ ሥራውን ይሠራል፣ በተነቀለበት ቅጽበት ምንጩ ይረከበዋል። የማይሞላ የሊቲየም ባትሪ ውስጥ ኃይል መግፋት አደገኛ ስለሆነ በዚህ ነጥብ አትቸኩሉ። ፈጥኖ ነቅሎ ፈጥኖ መተካት የሚቻል መሆኑን የሚናገሩ አሉ፤ እኔ ግን ለሰው ቦርድ ያንን አልመክርም።

አዲሱን ባትሪ በቀጥታ ገላው ላይ አትበይዱ። ሙቀቱ ውስጡን ይጎዳዋል፣ ሊፈነዳም ይችላል። እግር የተገጠመለትን ግዙ፣ ወይም ባትሪ መያዣ በይዱና ባትሪውን በኋላ አስገቡ። መያዣ የምመርጠው ከእኛ በኋላ የሚመጣው ሰው መበየጃ እንዳያስፈልገው ብዬ ነው፤ እሱም ቢሆን አሮጌውን ከማውጣቱ በፊት ጊዜያዊውን ምንጭ ማገናኘቱን እንዳይረሳ በጽሑፍ አስታውሱት።

ወደ ኤምቪኤስ ልመለስ። እዚያ አደራው ቀላል ቢሆንም ባትሪው ራሱ ጠላት ነው። በብዙዎቹ ላይ የተገጠመው የሚሞላ የኒኬል ካድሚየም ባትሪ ነው፤ ሲያረጅ አልካሊ ፈሳሽ ያወጣል። ምልክቱን ለማየት ቦርዱን ወደ መብራት ያዘንብሉት። በባትሪው እግሮች ዙሪያ ነጭ ወይም አረንጓዴ ብናኝ ታያላችሁ፤ ከዚያ አልፎ አንጸባራቂው አረንጓዴ ሽፋን ደብዝዞ ከሥሩ ያለው የመዳብ መስመር ጠቁሯል። መበየጃውን ብታስጠጉ የብየዳው እርሳስ እምቢ ይላል፣ አይቀልጥም፣ ምክንያቱም ላዩ ተበልቷል። ፈሳሹ በመስመሮቹ ሥር እየሾለከ ከባትሪው ርቀው ያሉ ቺፖች እግር ድረስ ይደርሳል።

ጓንት አድርጉ፤ ካድሚየም መርዝ ነው። ባትሪውን ንቀሉ፣ በነጭ አቼቶ በራሰ ብሩሽ እያሻችሁ አልካሊውን አምክኑ፣ በንጹሕ ውኃ እጠቡት፣ በአይሶፕሮፒል አልኮል አድርቁት። አቼቶውን ሳያጥቡ መተው አንዱን ዝገት በሌላ መተካት ነው። ከዚያ እያንዳንዱን የጠቆረ መስመር በመልቲሜትር ፈትሹ፤ የተቆረጠውን በቀጭን ሽቦ ቀጥሉ።

በቦታው ሲአር2032 የተባለውን ክብ የሳንቲም ቅርጽ ያለው ባትሪ ማድረግ የምትፈልጉ፣ ያ ባትሪ የማይሞላ መሆኑን አስቡ። ቦርዱ አሮጌውን ባትሪ የሚሞላበት መስመር አለው፤ መስመሩ ካልተቋረጠ ወይም በዳዮድ ካልተዘጋ አዲሱን ባትሪ ሊያሳብጠውና ሊያፈነዳው ይችላል። ይህ ሳይደረግ መያዣ ብቻ በይዶ ሥራው ተጠናቀቀ ማለት አይቻልም።

የጨዋታ ኩባንያው ሴጋ በቦርዶቹ ላይ ስለተጠቀመበት ኤፍዲ1094 ስለተባለ ምስጢራዊ ፕሮሰሰር ጥቂት ልበል። እዚያ ባትሪው፣ ቁልፉና ፕሮሰሰሩ በአንድ የታሸገ ሣጥን ውስጥ ናቸው። ልምድ የሌለው ሰው እንዲከፍተው አልመክርም።

ቦርዳችሁ ቀድሞ ከሞተስ? አትጣሉት፣ ለመለዋወጫም አትበትኑት። የሲፒኤስ 2 ምስጠራ እ.ኤ.አ. በ2007 ሙሉ በሙሉ ተፈትቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ ቁልፉን አርዱኢኖ በተባለች ትንሽ ፕሮግራም የምትቀበል ሰሌዳ አማካይነት ወደ ቦርዱ መልሶ መጻፍ የሚቻልበት መንገድ ይፋ ሆነ። ከዚያ በፊት የሞቱ ቦርዶች የሚነሡት የተፈታ ፕሮግራም በተጻፈባቸው አዳዲስ ቺፖች ነበር። ሁለቱም ይሠራሉ፤ እኔ ግን ቁልፉን መመለስ እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም ከፋብሪካ የወጡት ቺፖች ሳይነኩ በቦታቸው ይቀራሉ። ይህን ሥራ በትርፍ ጊዜያቸው ሠርተው ለሁላችን የለቀቁትን ሰዎች ከልቤ አመሰግናለሁ።

አንድ ነገር ቀርቷል። አዲስ ባትሪ ያስገባችሁበትን ቀን በትንሽ ወረቀት ጽፋችሁ በቦርዱ ላይ ለጥፉ፤ ቦርዱ ለሌላ ሰው ቢሸጥም ወረቀቱ አብሮት ይሂድ።

ቦርድ ይዛችሁ የመጣችሁ፣ ገና ምንም ሳትነኩ ወደ ጠረጴዛው አምጡልኝ። መጀመሪያ ባትሪው ምን እንደሚጠብቅ አብረን እናያለን፤ መበየጃው ከዚያ በኋላ ይሞቃል። አመሰግናለሁ።