የእንግሊዝኛ ክህሎቶችን ማቀናጀት በአርባ ደቂቃ

የተከበራችሁ የእንግሊዝኛ መምህራንና ርዕሳነ መምህራን፣

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት እንዲሰጥ፣ በሁለተኛ ደረጃ ደግሞ የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ደንግጓል። የ9ኛ ክፍል ልጅ ባዮሎጂውን ሲማር እያዳመጠ ማስታወሻ ይይዛል፣ ያነብባል፣ መልስ ይጽፋል። እኛ ግን አራቱን ክህሎቶች (ማዳመጥ፣ መናገር፣ ማንበብና መጻፍ) ነጣጥለን፣ አብዛኛውን ጊዜ ሰዋስው ብቻ እናስተምረዋለን።

ክህሎቶቹን በአንድ ክፍለ ጊዜ ማቀናጀትን የሚቃወም መምህር እምብዛም የለም። ክፍል ስንገባ ግን የማዳመጥ መልመጃው ይዘለላል፤ ምንባቡ ያለው በመምህሩ መምሪያ ውስጥ ነውና፣ መምሪያው ካልደረሰን ጥያቄው ብቻውን ይቀራል። ተማሪውም ንግግር ሲለማመድ ውሎ «ዛሬ ምንም አልተማርንም» ይላል፤ ደብተሩ ላይ የሰፈረ ነገር የለማ! ይህን ስንፍና ብሎ ማለፍ ልጁን መበደል ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና መልስ የሚመረጥበት ነው፤ አንድ ቃል አያናግረውም፣ አንድ አንቀጽ አያስጽፈውም። ልጁ የሚፈተንበትን አውቆ ነው ሰዋስው አምጡ የሚለን። ስለዚህ ምክር አይለውጠውም፤ ደብተሩ ላይ የሚቀር ሥራና ማርክ ይለውጠዋል።

አንድ ክፍለ ጊዜ እንውሰድ። ጽሑፉ ውሃ ስለምትቀዳ ልጅ የሚናገር፣ 100 ቃል ያህል ይሁን። በመጀመሪያው 5 ደቂቃ ያለ እነሱ ጽሑፉ የማይገባባቸውን ሦስት ቃላት ብቻ ሰሌዳ ላይ ጻፉ። በ8 ደቂቃ ሁለቴ አንብቡ፤ አንዴ እስክሪብቶ ተቀምጦ፣ አንዴ ዋና ዋና ቃላት እየተያዙ። ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ቃል በቃል እየጎተትን ስናነብ ማዳመጡ ቀርቶ የቃል ጽሕፈት ይሆናል። ቀጥሎ 10 ደቂቃ ጥንድ ጥንድ ሆነው ታሪኩን በቃል መልሰው ይገንቡት። አምስት ሆነው ሲቀመጡ ጎበዙ ይናገራል፣ አራቱ ያያሉ። ትርጉም ለማጣራት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ቢነጋገሩ አትቆጡ። ከዚያ 12 ደቂቃ እያንዳንዱ አራት ዓረፍተ ነገር ይጻፍ። ብዙዎቹ «ሺ ጎ ቱ ዘ ሪቨር» ብለው ይጽፋሉ። የቀረው 5 ደቂቃ የዚያ ነው፤ ግሱ መጨረሻ ላይ የጎደለውን («ጎ» ሳይሆን «ጎዝ») ከራሳቸው ዓረፍተ ነገር ላይ አሳዩአቸው። ሰዋስው እንዲህ ሲመጣ ይያዛል።

60 ደብተር በአንድ ቀን አይታረምም። በየክፍለ ጊዜው አሥር ብታርሙ በስድስተኛው ሁሉንም ታዳርሳላችሁ።

ርዕሳነ መምህራን ሆይ፣ ጥንድ ጥንድ ሆነው ሲያወሩ ክፍሉ ይንጫጫል፤ ጫጫታውን ሰምታችሁ መምህሩን አትውቀሱ። የማዳመጫ ምንባቦቹን ፎቶ ኮፒ አስደርጋችሁ ለእያንዳንዱ የእንግሊዝኛ መምህር ስጡ። ከተከታታይ ምዘናውም ቢያንስ 10 ማርክ ለማዳመጥና ለመናገር ይያዝ፤ ለተማሪውም ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ይነገረው።