ሉሲል በጋሼ ሠርግ ላይ

ጤና ይስጥልኝ፤ እንደምን አመሻችሁ። ድምፄ ዝቅ ካለባችሁ ይቅርታ። ልጆቹ ተኝተዋል፤ እኔም እንደ ልማዴ መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው የምቀዳው። እየዘነበ ነው። ጠብ ጠብ የሚል ነገር ከሰማችሁ የመኪናው ጣሪያ ነው።

ዛሬ ዘፈን ላካፍላችሁ ነው። የድሮ ካንትሪ፣ ትንሽ ሮክም። «ጥላሁን እያለ? ብዙነሽ እያለች?» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። የእነሱም ተራ ይመጣል። ግን እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ እኔ ባደግኩበት አዲስ አበባ ኬኒ ሮጀርስ የውጭ ዘፋኝ አልነበረም። ኬኒ ነበር፣ በቃ። እንደ ሰፈር ልጅ። ታክሲ ውስጥ አለ፣ ኬክ ቤት አለ፣ ፀጉር ቤት አለ። ዶሊ ፓርተንም እንደዚያው። ቃሉን ማን ያውቀዋል? እኛ የምናውቀው የመጀመሪያውን ስንኝና የአዝማቹን መጨረሻ ነው። መሃሉን በአፍንጫችን ነበር የምንዘፍነው።

የዛሬው ወሬዬም እሱ ላይ ነው። ቃሉን ሳናውቅ የወደድነው ዘፈን፣ ቃሉ የገባን ቀን ምን ይሆናል?

ካሴቱ የጋሼ ነበር። ጋሼ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። ግቢያችን ውስጥ ባለችው ሰርቪስ ቤት ይኖር ነበር። አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ቴፕ። የቴፑ በር ተሰብሮ ስለነበር ካሴቱ እንዳይወጣ ወረቀት አጥፎ ይወትፍበታል። ካሴቱ ቲዲኬ ዘጠና ነው። ሙዚቃ ቤት ሄዶ ነው ያስቀዳው፤ ከደብተር በቀደደው ወረቀት የዘፈኖቹን ስም በአማርኛ ፊደል ጽፎ፣ ባዶ ካሴት ይዞ፣ ከሦስት ቀን በኋላ ተመለስ ተብሎ። ሽፋኑ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ «ካንትሪ» ይላል። ከሥሩ፣ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበት፣ «እንዳይነካ»።

ነካነው እንጂ። አንድ ቀን ጋሼ ሥራ እንደሄደ ከታላቅ እህቴ ጋር ገብተን ከፈትነው። ቴፑ ካሴቱን በላው። በእኔ ዕድሜ ያላችሁ ያንን ድምፅ ታውቁታላችሁ። መጀመሪያ ዘፋኙ እንደ ሰከረ ሰው ይጎትታል፣ ከዚያ ዝም። ክሩን ስንስበው ተበጠሰ። እህቴ የተጨማደደውን ቆርጣ ጣለችው፣ ጫፍና ጫፉን በጥፍር ቀለም አጣበቀችው፣ በቢክ እስክሪብቶ አጠነጠነችው። ማታ ጋሼ ሲከፍተው ኬኒ አንድ ቦታ ላይ ዘለለ። ጋሼ ቴፑን አየ። እኛን አየ። ምንም አላለም። እስከ ዛሬም ምንም አላለም።

የዘለለው ዘፈን «ሉሲል» ነው።

ጋሼ ያገባው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ ዛሬ ዓመተ ምሕረት ስጠራ ሁሉንም በፈረንጆቹ ያዙልኝ። የሠርጉ ቪዲዮ አሁንም አለ። ቪዲዮ አንሺው ሙሽሮቹን የልብ ቅርጽ ውስጥ ከቷቸዋል። ልቡ ይዞራል፣ ጽጌረዳ ይዘንባል። ኬኩ ተቆርሷል። ጋሼ የእትዬን ወገብ ይዞ ቀስ እያለ ይወዛወዛል። የሚዘፍነው ማን ነው? ኬኒ ሮጀርስ። ምን? «ሉሲል»። ጋሼ ራሱ ነው የመረጠው፤ ካሴቱንም ከቤት ያመጣው እሱ ነው። እንዲያውም ዘፈኑ የሚዘልበት ቦታ ሲደርስ እግሩ ትንሽ ይደናቀፋል። አክስቶቼ ያለቅሳሉ። አንዷ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ስትጠርግ ካሜራው ረዘም ላለ ጊዜ ቆሞባታል።

አሁን ወደ ሜሪላንድ ኑ። እዚህ በመጣሁ በሁለተኛው ዊንተር የመኪና ማቆሚያ ጋራዥ ውስጥ ሌሊት እሠራ ነበር። የመስታወት ሣጥን ውስጥ ነው የምቀመጠው። እግሬ ሥር ትንሽ ማሞቂያ፣ ከፊቴ ትንሽ ሬዲዮ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ ሉሲል መጣች። ሳላስበው እንግሊዝኛው ገባኝ። ቃል በቃል።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ቶሊዶ የምትባል የኦሃዮ ከተማ፣ አንድ ቡና ቤት። አንዲት ሴት የጋብቻ ቀለበቷን አውልቃ ትቀመጣለች። ተራኪው ሄዶ አጠገቧ ይሆናል። እየጠጡ እያወሩ ሳለ ባሏ ይገባል። ግዙፍ ሰው ነው፤ እጁ በሥራ የሻከረ። ተራኪው «አለቀልኝ» ብሎ ሲጠብቅ ሰውየው ግን ይንቀጠቀጣል። ወደ ሚስቱ ዞሮ ይናገራል። ጥለሽኝ የሄድሽው በክፉ ጊዜ ነው፤ አራት የተራቡ ልጆች አሉ፣ ሰብሉም ገና ማሳ ላይ ነው። አዝማቹ ይኸው ነው። አክስቶቼ ያለቀሱበት፣ ጋሼ እትዬን አቅፎ የተወዛወዘበት አዝማች።

ኧረ በስመ አብ!

ብቻዬን ስስቅ መኪናውን ሊወስድ የመጣ ሰውዬ «ደህና ነህ?» አለኝ። ከዚያ ሳቁ ቆመ። ባልየው የሚገባበትን ቦታ እኔና እህቴ ነበርን ቆርጠን የጣልነው። ታክሲ ውስጥ ሰምቼው ይሆናል፤ ጆሮዬ የሚያውቀው ግን የጋሼን ካሴት ነው። እኛ ቤት ባልየው ገብቶ አያውቅም።

ዘፈኑ የወጣው በ1977 ነው። የጻፉት ሮጀር ቦውሊንግና ሃል ባይነም ናቸው። ኬኒ ከዚያ በፊት የሮክ ሰው ነበር ብላችሁ ታምናላችሁ? ፈርስት ኤዲሽን የሚባል ባንድ ውስጥ፣ ፀጉሩን አሳድጎ። ባንዱ ሲበተን ዕድሜው ወደ አርባው ተጠግቶ ነበር፤ እንደገና ያነሳችው ሉሲል ናት። የገዛ እናቱም ስም ሉሲል ነው። ስምንት ልጆች ወልዳለች፤ እሱ አራተኛው ነው።

ጋሼ የሚደጋግማት አንዲት ነገር ነበረችው። «ኬኒ እኮ ለእኛም ዘፍኗል» ይል ነበር። እውነቱን ነው። ለሰባ ሰባቱ ድርቃችን፣ ይቺ ብቻ በእኛ አቆጣጠር ናት፣ ጃንዋሪ 28 ቀን 1985 ማታ «ዊ አር ዘ ወርልድ»ን ሊዘፍኑ ሆሊውድ ስቱዲዮ ከገቡት ዘፋኞች አንዱ ኬኒ ነው። ያንን ሥራ ያስተባበረውም የእሱ ማናጀር ኬን ክሬገን ነው። እኔ ያንን ዘፈን ብዙም አልወደውም። አንድ አንድ መስመር እየተቀባበሉ ነው፤ ደቦ እንጂ ዘፈን አይመስለኝም። ደግሞ እዚህ አገር «ከኢትዮጵያ ነኝ» ስትሉ ፊታቸው ላይ የሚመጣውን ነገር ታውቁታላችሁ። ጋሼ ሲናገረው ግን የተረጂ ድምፅ አልነበረውም። ለቅሶ የደረሰ ጎረቤት እንደሚነሳው ነው የሚያነሳው።

ዊሊ ኔልሰንም እዚያ ስቱዲዮ ነበር። በዚያው ዓመት ጁላይ ላይቭ ኤይድ የሚባለው የእርዳታ ኮንሰርት ሲካሄድ ቦብ ዲላን መድረክ ላይ ወጥቶ፣ ከገንዘቡ ጥቂቱ ለባንክ ዕዳ ላለባቸው የአሜሪካ ገበሬዎች ቢውል ምን አለ የሚል ነገር ተናገረ። ብዙ ሰው ተቆጣ፤ ይህ ለኢትዮጵያ የተዘጋጀ ነው ተብሎ። ዊሊ ኔልሰን ግን ነገሩን ያዘው። ሴፕቴምበር 22 ኢሊኖይ ውስጥ ለእነዚያ ገበሬዎች የተዘጋጀው የመጀመሪያው የፋርም ኤይድ ኮንሰርት ተካሄደ። ይህን ሳነብ ትዝ ያለኝ ማን መሰላችሁ? የሉሲል ባል። ሰብሉ ማሳ ላይ የቀረው ሰውዬ።

እሺ፣ ሁለተኛ። የጆን ዴንቨር «ካንትሪ ሮድስ»። ይህን የተማርኩት ትምህርት ቤት ነው። አንድ ጊታር የሚጫወት የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነበረን፤ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ግራመሩን ይተውና ያዘፍነናል። «ዌስት ቨርጂንያ» የሚለው ጋ ስንደርስ ጣሪያው ይነሳል። ዌስት ቨርጂንያ ሰው ይሁን አገር ሳላውቅ ናፈቀኝ።

አሁን የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሞንጎመሪ ካውንቲ ነው። ወደ ሥራ ስሄድ ክሎፐር ሮድን እይዛለሁ። ቀይ መብራት፣ ነዳጅ ማደያ፣ ደግሞ ቀይ መብራት። ከፊቴ ያለው ሰውዬ ሁልጊዜ ስልኩን እያየ ነው። ከዚያ በሴኔካ ክሪክ ፓርክ በኩል ድንገት ዛፉ ይመጣል፣ መስኮቱን ዝቅ አደርጋለሁ፣ ለሁለት ደቂቃ ያህል ሌላ አገር ይሆናል። የዚያ ዘፈን ሐሳብ የተጸነሰው እዚህ መንገድ ላይ መሆኑን ያወቅኩት ስድስት ዓመት ሙሉ ከነዳሁበት በኋላ ነው።

ቢል ዳኖፍና ታፊ ኒቨርት የሚባሉ ጥንዶች ወደ ጌይተርስበርግ ለዘመድ ግብዣ እየነዱ ነበር። ክሎፐር ሮድ ያኔ የገጠር መንገድ ነው፣ ጠመዝማዛ። ዳኖፍ በመንገዱ ማንጎራጎር ጀመረ። ዌስት ቨርጂንያን ረግጦ አያውቅም! የራሱ አገር ማሳቹሴትስ ነው፤ እሱን ሊያስገባም አስቦ ነበር። መጀመሪያ ዘፈኑን ለጆኒ ካሽ ሊሰጡ ነበር የፈለጉት። በ1970 ዲሴምበር መጨረሻ ጆን ዴንቨር ዋሽንግተን፣ ጆርጅታውን፣ ሴላር ዶር የሚባል ክለብ ሊዘፍን መጣ። ከሥራ በኋላ ወደ ጥንዶቹ ቤት ሲሄዱ መኪና ተጋጨና አውራ ጣቱ ተጎዳ። ሆስፒታል ደርሰው፣ ቤት ገብተው፣ ያልተጨረሰውን ዘፈን አሰሙት። እንቅልፍ የሚባል አልነበረም፤ ሲነጋ ዘፈኑ አለቀ። በማግስቱ ማታ ለሕዝብ ዘፈኑት። ዌስት ቨርጂንያም በ2014 ከክፍለ ግዛቱ ይፋዊ መዝሙሮች አንዱ አደረገችው።

አንድ ቅዳሜ ልጆቹን ይዤ ሃርፐርስ ፌሪ ሄድኩ። ዌስት ቨርጂንያ ጫፏ ላይ ናት፤ ሸነንዶዋ ወንዝ ከፖቶማክ ጋር እዚያ ይገናኛል። በነገራችን ላይ ዘፈኑ የሚጠራቸው ወንዝና ተራሮች በአብዛኛው ያሉት ቨርጂንያ ውስጥ ነው፤ ዌስት ቨርጂንያን የሚነኩት በዚያች ጥግ ነው። ድንጋዩ ላይ ቁጭ ብዬ ውሃውን ሳይ ትንሿ ልጄ መጣች።

«አባዬ፣ ድሮ እዚህ ነበርክ እንዴ?»

«አልነበርኩም።»

«ታዲያ ለምንድን ነው እንደዚህ የምታየው?»

አይስክሬም ገዛሁላት።

«ጆሊን»ን ደግሞ ለእናቴ ተርጉሜላታለሁ። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ዶሊ በ1973 ያወጣችው ነው፤ ባሏን የምታሽኮረምም አንዲት ቀይ ፀጉር ያላት የባንክ ሠራተኛ ነበረች፣ ሐሳቡ የመጣው ከእሷ ነው። ዘፈኑ ውስጥ ሴትዮዋ ባሏን ሊወስድባት የምትችለውን ሴት ትለምናለች። ትለምናለች ብቻ አይደለም፤ ታሞግሳታለች። ፀጉርሽ፣ ዓይንሽ፣ ድምፅሽ፣ እኔ ካንቺ ጋር አልወዳደርም፣ እባክሽ አትውሰጂብኝ። እናቴ ቢላዋውን አስቀመጠች። «ሞኝ ናት! ጣውንትን እንዲህ ያሞግሷታል?» ትንሽ ቆየችና፣ «ወይስ ሴትዮዋ እንድታፍር ነው?» አለች። እኔ ያንን አስቤው አላውቅም ነበር። አሁን ዘፈኑን በሰማሁ ቁጥር ይህች ለማኝ ናት ወይስ ብልጥ ናት እያልኩ ነው።

ሮኩ የት ሄደ እንዳትሉኝ። የጋሼ ካሴት ገጽ ሁለት የሚጀምረው በ«ሆቴል ካሊፎርኒያ» ነበር። ሰፈር ውስጥ የሰይጣን ዘፈን ነው ይባል ነበር፤ ይህ ወሬ እኛ ጋ ብቻ ሳይሆን አሜሪካም ነበር። ዘፈኑን የዘፈነው የኢግልስ ባንዱ ዶን ሄንሊ ራሱ ሲጠየቅ የአሜሪካን ጥጋብና የጥጋቡን ጀርባ ነው የሚያነሳው። ስድስት ደቂቃ ተኩል ይረዝማል። የመጨረሻዎቹ ሁለት ደቂቃዎች ቃል የላቸውም፤ ዶን ፌልደርና ጆ ዋልሽ በጊታር እየተቀባበሉ ነው የሚጨርሱት። እዚያ ላይ ትርጉም አያስፈልግም። ከሁሉም ሳይለወጥ የቆየኝ እሱ ነው።

ዶን ዊሊያምስን ሌላ ቀን። እሱ ራሱን የቻለ ክፍል ይፈልጋል፤ በ1997 ዚምባብዌ ድረስ ሄዶ የዘፈነ ሰውዬ ነው።

አሁን ወደ ጋሼ ልመለስ። ባለፈው እሁድ ደወልኩለት። ጡረታ ወጥቷል፣ ጉልበቱን ያመዋል። ስለ ጉልበቱ አወራን፣ ስለ ኑሮ ውድነቱ አወራን። ልንዘጋ ስንል፣

«ስማ እንጂ» አለኝ። «ያቺ ሉሲል ግን ምንድን ነው የምትለው?»

ይህን ያህል ዓመት ጠይቆኝ አያውቅም። ልዋሽ አሰብኩ። «ስለ ፍቅር ነው» ብል ያልፍ ነበር። ነገርኩት። ባሏን ጥላ የሄደች ሴት ናት አልኩት። ሰብል ማሳ ላይ፣ አራት ልጅ ቤት ውስጥ።

ዝም አለ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ?» አልኩ።

«ስንት ልጅ?»

«አራት።»

ጋሼ አራት ልጆች አሉት። ስልኩን ከጆሮው አርቆ ሲጣራ ሰማሁ። «አንቺ! ነይ እስቲ! ያ የሠርጋችን ዘፈን ምን እንደሚል ታውቂያለሽ?»

የእትዬ ድምፅ ከሩቅ ነው የመጣው፤ ወጥ ቤት ሳትሆን አትቀርም። እትዬ ስታገባ የእንግሊዝኛ ታይፒስት ነበረች። ይህን እንዴት እንደረሳሁት አላውቅም።

«አውቃለሁ» አለች። «ያኔም አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ምን ልበልህ? እየደነስክ ነበራ!»

ጋሼ ሲስቅ ሳል ያዘው። እትዬ ስልኩን ተቀበለችው። ልጆቹን ጠየቀችኝ፣ ብርዱን ጠየቀችኝ። በመጨረሻ፣ «ያንን ዘፈን ያልተቆረጠውን በቴሌግራም ላክልኝ እስቲ» አለች። «ጋሼህ ካሴት ላይ ባልየው ሲገባ ይዘላል። ምን እንደሆነ ሰምቼው አላውቅም።»

ልኬላታለሁ። እስካሁን አልከፈተችውም። ደህና እደሩ።