ፎቶዎቹን ግድግዳ ላይ እንዴት እንደርድር? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)፦ ዘጠኝ ፎቶ ከሶፋው በላይ ልሰቅል ፈልጌ ሁለቴ ሞከርኩ፤ ሁለቴም ተንጋደደብኝ። ግድግዳው ብሎኬት ነው፤ ትልቁ የልጄ የምረቃ ፎቶ ነው።

መልስ፦ እናቴ፣ መጀመሪያ ፍሬሞቹን ወለል ላይ ይደርድሩ። የምረቃውን ከመሐል ትንሽ ወደ ግራ ያስቀምጡና ትንንሾቹን በዙሪያው ይሰብስቡ። በመካከላቸው ከ5 እስከ 7 ሳንቲም ይበቃል፤ ከዚያ ከሰፋ የተበታተነ ይመስላል። ጠቅላላ ስፋቱ የሶፋውን ሁለት ሦስተኛ ያህል ይያዝ፤ የታችኛው ጠርዝ ከሶፋው መደገፊያ 20 ሳንቲም ከፍ ይበል፤ አለዚያ የተቀመጠ ሰው በጭንቅላቱ ይገፋዋል። በየፍሬሙ ልክ ጋዜጣ ቆርጠው በፕላስተር ግድግዳው ላይ ይለጥፉ፤ በውሃ ልክ ካዩት በኋላ ብቻ ይብሱ።

የሚያንጋድደው አብዛኛውን ጊዜ ልኬቱ ነው። ቀዳዳው የሚገባው በፍሬሙ ጫፍ ሳይሆን ከጀርባው ያለው ማንጠልጠያ ገመድ ተወጥሮ በሚቆምበት ቦታ ነው። የ50 ሳንቲም ቁመት ያለው ፍሬም መሐሉ ከወለል 150 ላይ እንዲውል ከፈለጉ ጫፉ 175 ላይ ይሆናል፤ ገመዱ ሲወጠር ከጫፉ 6 ሳንቲም ከወረደ ቀዳዳው 169 ላይ ነው። ትልቁን በሁለት ማንጠልጠያ ይስቀሉት፤ በአንድ ከሆነ በር በተዘጋ ቁጥር ይዞራል።

ብሎኬቱን በ6 ሚሊ መብሻ፣ ድሪሉን ከመዶሻው አጥፍተው ይብሱ፤ መዶሻው ቀጭኑን ገጽ ይሰብረዋል። ፊሸሩ (ቀዳዳው ውስጥ የሚገባው ፕላስቲክ) አብሮ ከዞረ የብሎኬቱ ባዶ ክፍል ላይ ወድቋል፤ ጥቂት ሳንቲም ወደ ጎን ፈቀቅ ይበሉ።

ጥያቄ (ከመሐል ሜዳ)፦ ቤታችን ጭቃ ነው፤ ሚስማሩ ምርጊቱን ይዞ ይወርዳል። ስዕለ አድኅኖውስ ከፎቶዎቹ ጋር ይሰቀል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ምርጊት ሸክም አይችልም፤ የሚችለው እንጨቱ ነው። በቀጭን ሚስማር በእጅህ እየወጋህ ቋሚዎቹን ፈልግ፤ ጠንከር ብሎ የመለሰህ ቦታ እንጨት ነው። ከዚያ አንድ ረጅም ጣውላ በ10 ቁጥር ሚስማር ከሁለት ሦስት ቋሚ ጋር ምታና የግድግዳውን ቀለም ቀባው። ፎቶዎቹ ሁሉ በሲባጎ ከጣውላው ይንጠልጠሉ፤ ቦታቸውን ብትቀያይር ግድግዳው ዳግም አይነካም። ለጭቃ ቤት ከዚህ የተሻለ አናውቅም።

ስዕለ አድኅኖው ግን ለብቻው፣ በምሥራቅ በኩል ይሁን፤ ፊት አዙሮ የሚጸለየው ወደዚያ ነውና።

ጥያቄ (ከአንኮበር)፦ የድሮ ፎቶ ከመስታወቱ ጋር ተጣበቀ፤ ከጀርባውም ሻገተ።

መልስ፦ የውጭ ግድግዳ ይቀዘቅዛል፤ የቤቱ እርጥበት እዚያ ላይ ውሃ ይሆናል። በፍሬሙ ጀርባ በታችኞቹ ማዕዘኖች 1 ሳንቲም የቡሽ ቁራጭ ለጥፉ፣ አየር ይግባ፤ በፎቶውና በመስታወቱ መካከልም ዙሪያውን የካርቶን ጠርዝ አስገቡ። የተጣበቀውን አትላጡት፤ ቀለሙ መስታወቱ ላይ ይቀራል። ከነመስታወቱ ፎቶ ቤት ወስዳችሁ ቅጂ አስነሡለት።